ከተቃጠለው ፊልም የወጡ ሃያ አራት ፎቶዎች

ውሸታም በሉኝ፣ እሺ፤ ይገባኛል። እጄን ግን አትናቁብኝ። ያን እሁድ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ሽማግሌ ያስለቀሱት፣ ባልቴት ያሳቁት ሃያ አራት ፎቶዎች ከዚህ ከኔ እጅ ነው የወጡት። ጥፋቴንም ኩራቴንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ስሜ ሰብለወንጌል ነው፤ ሰብሊ ይሉኛል። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን አጠገብ ጋሽ ዋቅጅራ ፎቶ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ወለል ጠራጊ ነበርኩ፣ ቀጥሎ መብራት ያዥ፣ አሁን ኮምፒዩተሩ የኔ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ ምረቃ፣ ሰርግ፣ ምን አለፋችሁ፣ የሰፈሩ ፊት ሁሉ በኔ ማውዝ ሥር አልፏል። ብጉር አጠፋለሁ። የተጨማደደ ግንባር እተኩሳለሁ። ሰርግ የቀረ አጎት ካለም ከሙሽሮቹ ጎን አቆመዋለሁ። እኛ ቤት ይሄ "ማጽዳት" ይባላል። ደንበኛ ጠየቀ አልጠየቀ ይጸዳል።

ከእትዬ ፍረወይኒ ጋር የተጣላነውም በዚሁ በማጽዳት ነው። እትዬ ፍረወይኒ የካዛንቺስ ሰው ናቸው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ። የጫማቸው ኮቴ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ባለፈው ዓመት ለመታወቂያ ጉርድ ሊነሱ መጡ። አነሳሁ፣ እንደ ልማዴ አጸዳሁ፣ ስድስት ፍሬ አትሜ በፖስታ ሰጠኋቸው። አወጡት። አዩት።

"መስቀሌስ?" አሉኝ።

"የቱ መስቀል?"

ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። በልጅነታቸው አድዋ አውራጃ እያሉ የተነቀሱት ትንሽ መስቀል እዚያው አለ። ፎቶው ላይ ግን ግንባራቸው እንደታጠበ ሳህን ያበራል።

"ቆሻሻ መስሎኝ ነው" ማለት አልነበረብኝም። አልኩ።

አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው! ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሚልዮን ይባላል። እናትየው ስለ ሥነ ሥርዓት እየመከሩኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቃል አልሰማሁም። በቃ፣ እዚያው ነው ያለቀልኝ።

* * *

ሚልዮን ጅማ ነው የሚማረው፣ ዩኒቨርሲቲ። ከአንገቱ የሟች አባቱ የአቶ ተከስተ ካሜራ አይጠፋም። ከብረት የተሠራ፣ ከባድ፣ ፊልም የሚበላ፣ ሲጫኑት "ቻክ" የሚል የድሮ ካሜራ። ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ፊልሙን ይዞ እኛ ጋ ይመጣል፤ በሰፈሩ ፊልም የሚያጥብ የቀረው ጋሽ ዋቅጅራ ብቻ ነው። ጋሽ ዋቅጅራ ጨለማ ክፍል ሲገቡ እኛ በሩ ላይ በርጩማ ስበን እንከራከራለን።

"አንቺ ሰውን አድርቀሽ ነው የምታነሺው" ይለኛል። "ቀና በል፣ ዝቅ በል፣ ሳቅ፣ አትሳቅ! ሰውዬው ከዚያ ሁሉ በኋላ ራሱን አይመስልም እኮ።"

"አንተስ? የሰው ግማሽ ጭንቅላት ቆርጠህ ጥለህ ፎቶ ነው ትላለህ።"

"ሳይዘጋጅ ስለሆነ ነዋ። እውነቱ ያ ነው።"

"እውነት ከሆነ ጭንቅላቱን የት አደረስከው?"

ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ለዚያ ሳቅ ስል ስንት ነገር ተከራክሬያለሁ መሰላችሁ፤ የማምንበትን ሁሉ።

በሆዴ ግን ከእሱ እማር ነበር። ሚልዮን ሰው ሲያነሳ "ዝግጁ" አይልም። ሰውዬው ካሜራውን እስኪረሳው ይጠብቃል። የሱቁ ሴትዮ መልስ ስትቆጥር፣ ወያላው አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ፣ ያኔ ነው "ቻክ" የሚለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ በስልኬ እጫን ጀመር። እሱ አንድ ሲያነሳ እኔ አንድ። እሱ አይቶኝ ፈገግ ይላል፤ ልጅ አባቷን ስትከተል እንደሚፈገግላት ዓይነት። ስልክ ለሱ ካሜራ አልነበረም። እኔም ያኔ አልከፋኝም፤ አጠገቡ መቆሙ ይበቃኝ ነበር።

እትዬ ፍረወይኒ ያውቃሉ። እናት ምን ያመልጣታል? ስሜን ግን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም። "የፎቶ ቤቷ ልጅ" ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ለሚልዮን በትግርኛ የሆነ ነገር ሲሉት ሰማሁ። ቋንቋውን ባልችልም መሀል ላይ በአማርኛ ጣል ያደረጓትን "ሰባተኛ" የምትል ቃል ለይቻት ነበር። ሚልዮን መሬት መሬቱን አየ። ምን ብሎ እንደመለሰላቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም፤ ምናልባት ምንም አላለ ይሆናል ብዬ ስለምፈራ።

* * *

የካዛንቺሱ ሰፈር ለልማት ተነሺ ተባለ። ጎረቤቱ ግማሹ በከተማው በወዲያ ዳር፣ ግማሹ በወዲህ ዳር ቤት ደረሰው። እነሚልዮን ሰኞ ቁልፍ ሊያስረክቡ ቅዳሜ ዕቃ ማሰር ጀመሩ። እኔም "ላግዝ" ብዬ ሄድኩ። ለማገዝ እንዳልሄድኩ ሁላችሁም ገብቷችኋል።

"አንቺ የፎቶ ቤቷ ልጅ፣ ብርጭቆውን በጋዜጣ ጠቅልይ! ድርብ አድርጊው!" ይላሉ እትዬ ፍረወይኒ። እጠቀልላለሁ፤ ሚልዮን ካሜራውን ካነሳ ግን ጋዜጣውን ጥዬ እሮጣለሁ። ጎረቤታቸው እማማ አሰፋሽ ፍራሽ በአጥር ላይ ሲያቀብሉ፣ ቻክ። በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ሲደገፍ፣ ቻክ። እኔም በስልኬ ከሥር ከሥሩ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ባዶ ሆነ። እትዬ ፍረወይኒ መሀል ላይ ቆሙ። ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ ሃያ ዓመት የተሰቀለበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል። እጃቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ሚልዮን በሩ ጋ ቆሞ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጓል። እኔ ከእሱ ትይዩ መስኮቱ ሥር ነኝ። አልቻልኩም። እሳቸውን የመሰለ ሰው በባዶ ቤት ሲያለቅስ ማየት አልቻልኩም። ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ወጣሁበትና የጋሽ ዋቅጅራን ሻካራ ድምፅ አወጣሁ፦

"ወይዘሮ! አገጭ ቀና! ትከሻ ዝቅ! ግንባርዎን አያስቡ፣ እሱን እኛ እናጸዳዋለን!"

ወደ እኔ ዞሩ። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ሳቃቸው ከሆዳቸው ፈነዳ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሳቁ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ተጫንኩ። ከወዲያ በኩልም ካሜራው "ቻክ" አለ።

እሁድ ጠዋት ሚልዮን ወደ ጅማ ሲመለስ ካሜራውን ከነቆዳ ማኅደሩ ሰጠኝ። "ለጋሽ ዋቅጅራ ስጭልኝ፣ ይጠቡልኝ" ብሎ አውቶብሱ ላይ ወጣ። ማኅደሩን ስከፍት ወረቀት አለ። ሚልዮን በቴሌግራም ሠላም ይላል፤ የምር ነገር ግን በእስክሪብቶ ነው የሚጽፈው።

"ሰብሊ፣ ሠላሳ ስድስት አለው። አባቴ የታመመበት ክፍል፣ እናቴ በሙሽርነት የገባችበት በር፣ እኔ ወድቄ ጥርሴን የሰበርኩበት ደረጃ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። ከሰኞ በኋላ ቤታችን ማለት ይሄ ፊልም ነው። ለማንም አልሰጠውም ነበር። ለአንቺ ሰጠሁሽ። ለምን እንደሆነ ስመጣ እነግርሻለሁ።"

የመጨረሻዋን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቁኝ። ቂርቆስ እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ዋቅጅራ ልደት ሊያነሱ ሲወጡ "ፊልሙን አውጥተሽ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሪልኝ" አሉኝ። ምን ችግር አለው? እኔ በዕድሜዬ ሺህ ሚሞሪ ካርድ አውጥቼ ከትቻለሁ። የካሜራውን ጀርባ ቁልፍ ፈልጌ ከፈትኩት። ውስጡ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ጥብጣብ ከጎን እስከ ጎን ተወጥሯል። አማረኝ። ደግሞ አላበቃሁም! ሥዕሎቹ ይታዩ እንደሆነ ብዬ ስቤ አወጣሁና መስኮቱ ላይ በፀሐይ አየሁት።

ጋሽ ዋቅጅራ ሲገቡ ጥብጣቡ እጄ ላይ ነው።

"ወደ ፊልሙ ቆርቆሮ መልሰሽ ሳትጠቀልይው ከፈትሽው?"

"መጠቅለል አለበት እንዴ?"

ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። "ልጄ፣ ብርሃን አሳይተሽ አቃጠልሽው" አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ምናልባት ብለው አጠቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ አንድ በር የለ፣ አንድ ደረጃ የለ።

"ንገሪው።"

"እሺ።"

አልነገርኩትም። እየሮጥኩ ካዛንቺስ ሄድኩ። ምናልባት ቤቱ ገና ካለ በስልኬም ቢሆን እንደገና አነሳዋለሁ ብዬ። በቦታው ቆርቆሮ አጥር አለ፣ ከአጥሩ በላይ ሰማይ ብቻ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው አምኖ የሰጠህን አንድ ነገር ማጥፋት እንዴት እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል፤ አፌ ውስጥ ብረት ብረት አለኝ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። የቅዳሜው ሁሉ አለ። መቶ ምናምን ፎቶ። ደረጃው። በሩ። እማማ አሰፋሽ ከነፍራሻቸው። እትዬ ፍረወይኒ እየሳቁ።

እንባዬን በእጄ ጠረግኩና ተነሳሁ። ሐሳቡ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማመዛዘን አልቆምኩም።

* * *

ከዚያ ጀምሮ ሱቁ ሳይከፈት ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ። የስልክ ፎቶ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሲበዛ ጥርት ይላል፤ ሁሉን ነገር እኩል ይጮኻል። የፊልም ፎቶ ግን አንዱን ይናገራል፣ አንዱን ያንሾካሹካል። የጋሽ ዋቅጅራን የድሮ ፎቶዎች ከመሳቢያ አውጥቼ ከኮምፒዩተሩ ጎን ደረደርኩና አንድ በአንድ አጠናኋቸው። እንዲህ አጥንቼ ቢሆን ኖሮ ሰባተኛ ክፍል ላይ አልቀርም ነበር።

ፊልም ላይ ጥቁር ጥቁር አይደለም፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን አደበዘዝኩት። ነጩም ነጭ አይደለም፣ የወተት ስልባቦት ነው፤ ወደ ቢጫ አሞቅኩት። ጥላው ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ አለ። ከሁሉ ያስቸገረኝ አሸዋው ነው፤ ማለቴ ፊልም ላይ የሚታየው ደቃቅ ነጠብጣብ። መጀመሪያ እኩል ነሰነስኩት፣ ሽሮ የተነፋበት መሰለ። ሦስት ቀን ሙሉ የድሮውን ፎቶ በአጉሊ መነጽር ሳይ ገባኝ፤ አሸዋው ብርሃን ካለበት ይሸሻል፣ ጥላ ውስጥ ይሰበሰባል። ሰው ነው የሚመስለው። እንደዚያ ሳደርገው ምስሉ መተንፈስ ጀመረ።

አንዱ ላይ የሰው ግማሽ ጭንቅላት ቆረጥኩ። ሚልዮን እንዲመስል ነዋ! የእትዬ ፍረወይኒን ፎቶ ስሠራ ግን ምንም አላጸዳሁም። መስመራቸውን፣ እንባቸውን፣ መስቀላቸውን፣ አንዱንም።

በሁለት ሳምንት ሃያ አራት ደረሱ። የማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ አትሜ ጋሽ ዋቅጅራ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። አንዱን አዩ። ሌላውን አዩ። ወደ ብርሃን ወስደው አጋደሉት።

"ማነው ያጠበው?"

"እኔ። በኮምፒዩተር።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "አርባ ዓመት ፊልም ሳሸት ኖሬያለሁ" አሉ። "ይሄ የጎደለው ሽታው ብቻ ነው።"

ጋሽ ዋቅጅራ በሕይወታቸው አመስግነውኝ አያውቁም። ያን ቀን ሱቁ ጠበበኝ፤ ጭንቅላቴ ጣሪያ የሚነካ መሰለኝ።

"አሁን ንገሪው" አሉ።

የምር ልነግረው ነበር። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላክሁና ከሥር "ሚሉ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ድምፁ መጣ፤ እያለቀሰ ነው። "የአባቴ ካሜራ! አየሽ ሰብሊ? አየሽ የሱን ዓይን?" የጻፍኩትን አጠፋሁት። በሳምንቱ የክፍሉ ልጅ ደብዳቤ አመጣልኝ፦

"ስልክ እንዲህ ማየት አይችልም። እናቴ ስትስቅ አየሻት? አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። እሱ ነው ያሳቃት፤ ሌንሱ ውስጥ ቆሞ። ፊልም ደስ የሚለው ያነሳኸውን ረስተህ እንደ አዲስ ማየትህ ነው። ከሠላሳ ስድስቱ ሃያ አራቱ መውጣታቸው ይበቃኛል፤ የእድራችን መሰናበቻ ቀን እሰቅላቸዋለሁ።"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ወይኔ፣ አሳቂዋ እኔ ነበርኩ! ሳጥን ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ! በፍቅር እየሞትኩ በቅናት ተቃጠልኩ፤ የቀናሁት ደግሞ በካሜራ።

* * *

የካዛንቺሱ ሰፈር እድር ሊበተን ነው። የመጨረሻውን እሁድ ድንኳኑን ቂርቆስ አጠገብ ሜዳ ላይ ተከሉት፤ ስንት ለቅሶ ያየ ድንኳን ለአንድ ቀን ለደስታ ይሁን ብለው። ሚልዮን ከምሰሶ ምሰሶ ሽቦ ወጥሮ ፎቶዎቹን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለ። ከበላያቸው ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፏል፦ "ፎቶ፦ ሚልዮን ተከስተ"።

ሰዉ ራሱን እየፈለገ ይጋፋል። "ውይ! እኔ ነኝ እኮ!" ይላሉ እማማ አሰፋሽ። "ከነፍራሼ! ኧረ እንዴት አምሮብኛል፣ የድሮ ተዋናይ ነው የምመስለው!" አንድ ሽማግሌ የተነቀለውን በር እያዩ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔ ዳር ቆሜ በአንድ ዓይኔ እኮራለሁ፣ በአንድ ዓይኔ አፍራለሁ። ጋሽ ዋቅጅራ ከወዲያ ማዶ አንገታቸውን ነቀነቁብኝ።

እትዬ ፍረወይኒ ከሚስቁበት ፎቶ ፊት ከቆሙ ቆይተዋል። አይንቀሳቀሱም። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩት።

"ወደይ፣ ይሄን ስታነሳ የት ነበር የቆምከው?"

"በሩ ጋ ነዋ እማ።"

"በሩ ጋ ከሆንክ ጀርባዬ ነበር መታየት ያለበት።"

ሚልዮን ፎቶውን አየ። ሳቀ። ደግሞ አየው። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ያን ቀን ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው የሳቅኩት" አሉ እትዬ ፍረወይኒ። "የማየውን ሰው አውቀዋለሁ።" ቀና ብለው ቀጥታ እኔን አዩ።

ልክድ እችል ነበር፤ ምላሴ ለዚያ አይሰንፍም። ግን በሃያ አራት ፎቶ ፊት ቆሜ የራሴን እጅ መካድ አቃተኝ።

"ፊልሙን አቃጥዬዋለሁ" አልኩ። "ሳልጠቀልል ከፈትኩት። አንድም አልተረፈም። እነዚህ የኔ ናቸው፣ በስልኬ ያነሳኋቸው። ፊልም ያስመሰልኳቸውም እኔ ነኝ።"

ሚልዮን ክንዴን ሳይነካ በዓይኑ ብቻ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ። እንደዚያ ሲገረጣ አይቼው አላውቅም።

"የአባቴ ዓይን ነው እያልኩ ሳለቅስ ሰማሽኝ" አለ። "ዝም ብለሽ ሰማሽኝ!"

"ሰማሁህ።"

"ሙድ ነው የያዝሽብኝ?"

"ሚሉ፣ በአባትህ? በቤታችሁ? ሞቼ ነው!"

"ታዲያ ለምን?"

"ቤታችን ማለት ይሄ ፊልም ነው ብለህ ጻፍክልኝ። ቤትህን አቃጠልኩት ብዬ ልጻፍልህ? ሄድኩ እኮ፣ ካዛንቺስ ሄድኩ፣ ቆርቆሮ ነው የጠበቀኝ!" በዚህም አላቆምኩም፤ ውስጤ የታመቀው ሌላ ነገር ነበር። "አንተስ? ዓመት ሙሉ አጠገብህ ቆሜ ሳነሳ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ‘ስልክሽ ምን አየ?’ ብለህ ጠይቀኸኛል?"

ወደ ድንኳኑ ሊመለስ ዞረ፤ ፊቱ ቆምኩ።

"ስልክ እንዲህ ማየት አይችልም አልክ። ስልክ ምንም አያይም፣ ሚልዮን። እኔ ነኝ ያየሁት። ፊልሙን በማቃጠሌ እስክሞት ይቆጨኛል። ስለዋሸሁህም አፍራለሁ። ፎቶዎቹን ስላነሳሁ ግን ለአንዲት ደቂቃ አይቆጨኝም!"

መሬት መሬቱን አየ፤ እንደዚያን ቀን ሱቁ በር ላይ። "ካሜራውን ለምን እንደሰጠሁሽ ስመጣ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ።"

"አሁን አፌ እምቢ አለኝ።" ጥሎኝ ሄደ።

የድንኳኑን ገመድ ይዤ ቀረሁ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ የኔ ፎቶዎች የሚያስቁት ሳቅ። ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሀብታምና ይህን ያህል ባዶ ይሆናል?

"ጓለይ።"

እትዬ ፍረወይኒ ናቸው። ልጄ ማለት ነው በትግርኛ፤ ይቺን አውቃታለሁ። ከጎኔ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ማን እንዳሳቀኝ ልጄ ቢረሳ፣ እኔ አልረሳም። እሱ ይናደድ፣ መብቱ ነው፤ ዋሽተሽዋል። አንቺ ግን እዚህ ጨርቅ ጀርባ የምትደበቂው ምን ሰርቀሽ ነው? ነይ ግቢ።"

ገባሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታዲዎስ እያጨበጨቡ ነው። "እንግዲህ ሰፈራችንን በፎቶ ያተረፈልን ልጃችን ሚልዮን ይምጣ! አንድ ቃል ይበለን!"

ሚልዮን ከሕዝቡ መሀል ወጣ። ጭብጨባው እስኪያበቃ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

"እኔ ያነሳሁት ፊልም ተቃጥሏል" አለ። "አንድም አልተረፈም።" ድንኳኑ ተንጫጫ። እጁን አነሳ። "ያተረፈችው ሌላ ሰው ናት። እኔ አጠገቤ ቆማ አላየኋትም፤ እሷ ግን ሁላችንንም አይታናለች።"

የጋሽ ታዲዎስን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው ሳብ አድርጎ ወሰደ። ካርቶኑን አወረደ። የራሱን ስም በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘው። ከሥሩ "ሰብለወንጌል" ብሎ ጻፈና እስክሪብቶው ቆመ። በሕዝቡ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ፤ ፊቱ በአፍረት ቀላ።

"የአባትሽ ስም ማነው?"

ዓመት ሙሉ ወድጄው፣ የአባቴን ስም ጠይቆኝ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም አስጠይቄው አላውቅም። አባቴ ሜክሲኮ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ጠዋት ማታ አንገቱ እስኪገተር "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። እትዬ ፍረወይኒ ባሉበት ስለ አባቴ ከተነሳ ወሬ አስቀይሬ ነው የኖርኩት።

"ሊካሳ!" አልኩ። ድንኳኑ እስኪያስተጋባ።

"የሜክሲኮው ሊካሳ? ተራ አስከባሪው?" አሉ እማማ አሰፋሽ።

"አዎ እማማ፣ እሱው! የሜክሲኮው!"

ሚልዮን ጻፈው። ከራሱ ስም አስበልጦ፣ ፊደሉን ደጋግሞ እያደመቀ ጻፈውና ካርቶኑን መልሶ ሰቀለው። ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል፤ ቂሙ ገና አልወጣለትም፣ ይታየኛል። እኔም አልተለማመጥኩትም። ይቅር ቢለኝ እሰየው፤ ባይለኝ አለቅሳለሁ፣ ምን ላርግ፣ እወደዋለሁ። ያን ሰዓት ግን ነፋሱ ሃያ አራቱን ፎቶዎች ከነስሜ፣ ከነአባቴ ስም ሲያወዛውዛቸው ሳይ፣ ደረቴ እስከ ጉሮሮዬ ሞላ፤ ለለቅሶ የሚሆን አንድ ጣት ቦታ አልቀረውም።